ቃጭሉን ተከትዬ ወደ በረሃ

ጥር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ አሰላ

አዲስ ደብተር። አሮጌው ገና ግማሹ ባዶ ነው፤ ግን የሠሩት ሰዎች መስመሩን እንደ ሸረሪት ድር ስላቀጠኑት ተናድጄ ለልጄ ለተሻለች «የበርበሬ መጠቅለያ ይሁንሽ» ብዬ ሰጠኋት። ይሄኛውን ያመጣችልኝ የልጅ ልጄ አፀደ ናት። መስመሩ ወፍራም፣ ጥቁር። ደብተር ማለት እንዲህ ነው።

እኔ ወልደ ሚካኤል ነኝ። ሰባ ሞልቶኛል፤ ለምትጠይቀኝ ሴት ግን ስልሳ ሁለት ነኝ። በዚህች ከተማ አርባ ዓመት ብስክሌት ስጠግንና ሳከራይ ኖሬ አምና ሱቄን ዘጋሁ። ሰው ሁሉ «ምነው?» ይለኛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የግራር እሾህ ከዓመት ዓመት እየቀጠነ ሄዶ ከጎማ ውስጥ አልታይ አለ።

ዛሬ ጉቱ መጥቶ ነበር። ጉቱ የከዲሮ ልጅ ነው፤ ከዲሮ ደግሞ ታች በረሃው ውስጥ፣ ከኦጎልቾ ከተማ ወዲያ የሚኖር የጉብዝናዬ ጓደኛ። ልጁ የወባ መድኃኒት ረጪ ሆኖ በመንግሥት ብስክሌት ቆላውን ሲያካልል ይከርማል። ሻዩን ቆሞ እየጠጣ፣

«አባባ፣ መንደር ምሥረታው እኛ ዘንድ ደረሰ» አለኝ። «ቤታችንን አፍርሰን አዲሱ መንደር ልንገባ ነው። አሮጌው ግቢ ይታረሳል።»

«ምኑ ነው የሚታረሰው?»

«ሁሉም። የማኅበር እርሻ ነው የሚሆነው። በትራክተር። ከፋሲካ በኋላ ነው አሉ።»

«ግራሩስ?»

ጉቱ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ግራሩ ሥር ማን እንዳለ ያውቃል። ወንድሜ ገብረ ማርያም ነው ያለው። አርባ ስምንት ዓመት ሆነው።

ጥር 15

ትናንት ያልጻፍኩት። ገብረ ማርያም በጣሊያን ጊዜ እግሩን ቆስሎ ነው በረሃ የወረደው። የከዲሮ አባት ደበቁት። በጥይቱ አልሞተም፤ ወባ ገደለው። ባንዳ ሰምቶ መቃብሩን እንዳያወጣ፣ ቤተሰቡንም እንዳያቃጥል፣ በእነሱ ሥርዓት ከራሳቸው ሙታን ጎን ቀበሩት። ያለ ቄስ፣ ያለ ፍትሐት።

ጣሊያን ሲወጣ አጽሙን አፍልሼ ቤተ ክርስቲያን ላስገባው አልኩ። ከዚያ ሱቅ ከፈትኩ። ከዚያ አገባሁ። ከዚያ ተሻለች ተወለደች። ከዚያ እናቷ ታመመች። «ለሚመጣው ዓመት» እያልኩ ይኸው አረጀሁ።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «አጽሙ ይምጣ እንጂ ፍትሐቱን እኛ እናደርሳለን» አሉ። «ማን ያመጣዋል?»

«እኔ። ሌላ የሥጋ ዘመድ የለውም።»

«በምን?»

«በብስክሌት።»

አባን ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሳቅ እንደነበር አውቃለሁ፤ ቄስ ሲስቅ ትከሻው ነው የሚነግርበት።

ጥር 21

ለተሻለች ነገርኳት። ልጄ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ እኔንም እንደ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው የምታናግረኝ።

«አባዬ፣ መኪና ይፈለግ።»

«መኪናው ሁሉ ለመንደር ምሥረታው እንጨትና ቆርቆሮ ያመላልሳል። ደግሞ ከኦጎልቾ ወዲያ መንገድ የለም፤ የፍየል መተላለፊያ ነው።»

«በቅሎስ?»

«በቅሎ ትንቀኛለች።»

«ጉቱ ብቻውን ያምጣው።»

አንዳንድ ነገር በሰው እጅ አይላክም።

ጥር 29

ጣሊያኗ የግራ ፔዳሏ ጠፋ። ጣሊያኗ ብስክሌቴ ናት። ሚስቴ ነፍሷን ይማርና «ከሁለታችን አንዷን ምረጥ» ትለኝ ነበር፤ እኔም «አንቺ መንፊያ አትፈልጊም» እላት ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ በአንድ ሙክት ፍየል ለውጬ ከጣሊያን ሹም እንደገዛኋት ነው የምናገረው።

ፔዳሉን ማን እንደነቀለው ለማወቅ ፖሊስ አላስፈለገኝም። ጓዳ ገብቼ ጆንያውን ሁሉ አንድ በአንድ አሸተትኩ። ሦስተኛው ገብስ ግራሶ ግራሶ ይሸታል። እጄን እስከ ክንዴ ሰድጄ አወጣሁት። ማታ ገበታ ላይ፣ «ተሻለች፣ ዘንድሮ ገብሱ ብረት አፈራ» አልኳት። አፀደ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ውኃዋን ረጨችው።

የካቲት 3

ቀበሌ። ያለ ይለፍ ወረቀት ከአውራጃ ከተማው መውጣት አይቻልም። ሊቀመንበሩ ፍሰሐ ነው። ልጅ ሳለ የግማሽ ሰዓት ተከራይቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲነዳብኝ የኖረ፤ ዛሬ ጠረጴዛ አለው።

«የጉዞው ዓላማ?» አለኝ።

«የወንድሜን አጽም ላመጣ ነው። ከመታረሱ በፊት።»

እስክሪብቶው ቆመ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባ ወልዴ፣ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። መንደር ምሥረታው መቃብር ያርሳል እያሉ የሚያወሩ አሉ። እርስዎንም እኔንም ያስጠይቀናል።»

«ታዲያ ምን ተብሎ ይጻፍ?»

«እኔ ምን አውቄ? ዝም ብለው ቤትዎ ቢቀመጡስ?»

«ዝም ብዬ ቤቴ ከተቀመጥኩማ አንተን ስቀጣህ በዋልኩ። የብስክሌቴን የጎማ ሽቦ፣ ራጂ፣ ሰባት ሰብረሃል፤ አልረሳሁም።»

ሳቀ። መሳቁ አዳነኝ። ተመካክረን ጻፍነው፦ «ለወባ ማጥፊያ ዘመቻው የብስክሌት ጥገና ድጋፍ ለመስጠት።» ውሸት አይደለም፤ የጉቱ ብስክሌት ካቴና ከላላ ቆይቷል።

ከዚያ «አንብበው ይፈርሙ» ብሎ ሰጠኝ። መነጽሬን ረስቻለሁ ማለት ስለሰለቸኝ ወረቀቱን ይዤ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ራሴን እየነቀነቅኩ በዝግታ ከላይ እስከ ታች አየሁት።

«አባ ወልዴ» አለ ፍሰሐ ቀስ ብሎ፣ «ገልብጠው ነው የያዙት።»

«የእናንተ ደብዳቤ ቢገለበጥም ቢቀናም ያው ነው» ብዬ ፈረምኩ። ጸሐፊዋ ወደ ደጅ ሮጠች። ማኅተሙ ግን ተመታ።

የካቲት 11

ጠዋት ኳስ ሜዳውን በብስክሌት አራት ጊዜ ዞርኩ። አምስተኛው ላይ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ቦዩን ትናንት ነው የቆፈሩት መሰለኝ። የሚያልፍ ሰው ግን «ኧረ አባባ፣ ይሄ ቦይ እኮ በጃንሆይ ጊዜ የተቆፈረ ነው» አለኝ። ሰው አዋቂ በዛ።

ጉልበቴ ተልጧል። ለተሻለች አልነገርኳትም።

የካቲት 12

ነገሯት።

የካቲት 20

ዘንድሮ ጭጋጉ በዛ። በበጋ እንዲህ ያለ ጭጋግ አይቼ አላውቅም። ጭላሎ ተራራ እንደሆነ ከጥምቀት ወዲህ አልታየም። አምፖሉም ደክሟል፤ ስለዚህ የምጽፈው እኩለ ቀን ላይ ግቢ ተቀምጬ ነው።

አፀደ የደጃፉ ደረጃ ጫፍ ላይ ደማቅ ቀይ ጨርቅ ቸነከረች። «ምንድን ነው?» ብላት «ፋሽን ነው» አለችኝ። የዛሬ ልጆች ደረጃ ያለብሳሉ።

ከአጥሩ ወዲያ ሁለት ሴቶች ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። «ተሻለች ምነው ዝም ትላቸዋለች? እንኳን በረሃ መውረድ፣ ዐይናቸው እኮ...» አለች አንደኛዋ። የቀረውን አልሰማሁም። ብሰማም አልጽፈውም።

የካቲት 25

ከገበያ የላም ቃጭል ገዛሁ። ድምፁን መርጬ ነው፤ አሥራ አንድ አስመትቼ አሥራ ሁለተኛውን ወሰድኩ። ጉቱ ከፊት ሲነዳ ከብስክሌቱ ኋላ ይታሰራል። ጅብ ቃጭል ይፈራል።

«በቀን ነው የምንሄደው፣ ምን ጅብ አለ?» አለ ጉቱ።

«የቀን ጅብ አታውቅም?»

ጉቱ ቃጭሉን ከእጄ ወሰደ። ከዚያ «ጋሪ ነው አባባ» አለ፤ ደህና ነው ማለቱ ነው። ሳይጠይቀኝ ብስክሌቱ ላይ ሁለት ቦታ አጥብቆ አሰረው።

ግቢ ውስጥ ሞከርነው። አፀደ ቃጭሉን አንጠልጥላ ትሮጣለች፣ እኔ በጣሊያኗ እከተላለሁ። ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ። የተጎዳ የለም፤ ከአንዲት ዶሮ በቀር። እሷም ጥፋቱ የራሷ ነው።

መጋቢት 6

ጾም ገባ። በጾም ጊዜ ውሸት መጻፍ ይከብዳል።

ጣሊያኗን አልገዛኋትም። ሰረቅኳት። በ1930 እዚህ አሰላ በአንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ጎማ እለጥፍ ነበር። ወንድሜ ጫካ፣ እኔ ጋራዥ። ይሄን ለልጆች ሳወራ እዘለዋለሁ። አንድ ቀን ከከዲሮ መልእክት ደረሰኝ፦ «ወንድምህ በወባ ሊሞት ነው።» ከጣሊያኑ መሳቢያ አንድ ጠርሙስ ኪኒን፣ ከደጁ ብስክሌቱን ይዤ ወደ በረሃ ቁልቁል በረርኩ።

የቀረውን ሌላ ቀን።

መጋቢት 7

ዛሬ ልጻፈው።

መንገድ ላይ፣ ሜዳው የሚጀምርበት ቦታ ገበያ ነበር። ያኔ በዚያ አገር ብስክሌት ያየ ሰው የለም። ሕዝቡ ግር ብሎ ወጣ። ልጃገረዶች ነበሩ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አንድ ጊዜ ዞርኩላቸው። ከዚያ እጄን ለቅቄ ዞርኩ። ከዚያ አንዱ «በኋላ መቀመጥ ይቻላል?» አለ። ከዚያ ማር አመጡልኝ፣ «ደግሞ ዙርልን» አሉኝ። ጨለመ። እዚያው አደርኩ።

በማግስቱ ስደርስ ከዲሮና አባቱ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ማምሻውን ሞቶ ጠዋት ቀብረውት ነበር።

ኪኒኑን ምን ላድርገው? ግራሩ ሥር፣ ከራስጌው አፈሩን በእጄ ቆፍሬ እስከ ክንዴ አስገብቼ ጠርሙሱን ቀበርኩት። ማንም አላየኝም። ብስክሌቷ ግን አርባ ስምንት ዓመት አብራኝ አለች። ሰው ይወዳታል ይላል።

መጋቢት 24

ጉቱ እየሮጠ መጣ። ትራክተሩ ወደ ከዲሮ መንደር ተሻገረ፤ ከፋሲካ በፊት ይታረሳል። ቅዳሜ ሚያዝያ 4።

አንድ ጊዜ አርፍጃለሁ። ሁለተኛ አላረፍድም።

መጋቢት 27

ከተሻለች ጋር ተጣላን። ልጄ ማጭበርበር ጀምራለች። በመስኮቱ በኩል ቆማ፣

«አባዬ፣ ይሄ ስንት ጣት ነው?» አለችኝ።

ትንሽ አሰብኩና «ሦስት» አልኳት።

«እጄን አላነሣሁም።»

እንግዲህ ይሄ ፈተና ነው ወይስ ወጥመድ? መምህር እንዲህ ይጠይቃል? ብዙ ተናገርኳት። አለቀሰች። ስታለቅስ ድምፅ የላትም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት፤ አፍንጫዋን ስታብስ ብቻ ነው የሚሰማው።

መጋቢት 28

ጠዋት ጣሊያኗን ለማየት ወጣሁ። ካቴናዋ ተቀብቷል። ጎማው ተነፍቷል። ከኋላዋ ተሻለች ልብስ የምታኖርበት ትንሽ የእንጨት ሳጥን ታስሯል፤ ውስጡ አዲስ አቡጀዴ ታጥፎ ተቀምጧል፣ አጽሙ የሚጠቀለልበት። ጥግ ላይ ደግሞ በሶ።

ቁርስ ላይ ጨው አቀበልኳት። ስኳር ነበር መሰለኝ።

ሚያዝያ 2፣ ከዲሮ ቤት

ደረስን። እግሬ ሰባ ሞልቶታል፣ ልቤ ግን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ተሻለች የጉቱን ክንድ ይዛ «አባቴን ይዘህልኝ ና» ስትለው ሰማሁ። «እኔ ነኝ እሱን የምይዘው!» ብዬ ጮህኩባት። አፀደ ቃጭሉን በጣቷ መታችው፤ ያ መነሻችን ሆነ።

ከፊት ጉቱ፣ ከኋላ እኔ። ከባሕር ዛፉ ስንወጣ ፍሬኔ ይጮኻል፣ ቃጭሉ ይጮኻል፣ ጉቱም ይጮኻል። «ድንጋይ!» «ግራ አባባ!» «አሸዋ ነው፣ አትመልሰው፣ ቀጥ!» በመጀመሪያው ሰዓት ተናድጄ «አያለሁ!» እለው ነበር። በኋላ ተውኩት፤ ልጁ መጮህ ይወዳል፣ ለምን ደስታውን እነጥቀዋለሁ?

መውረዱን የነገረኝ አየሩ ነው። መጀመሪያ የገብስ ማሳ ይሸታል፣ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ከዚያ ካፖርቴን አወለቅኩ። ከዚያ ሹራቤን። ከዚያ ንፋሱ ራሱ ከምድጃ እንደወጣ ሆነ፤ ትቢያ፣ ፍየል፣ ደረቅ ግራር። ውኃ የሚባል ሽታ የለም። መሬቱ ከጎማው ሥር ሲለወጥ በመሪው በኩል እጄ ላይ ይሰማኛል፤ ጠጠር፣ ስንጥቅ ጭቃ፣ አሸዋ። አንድ ጊዜ የግራር ቅርንጫፍ ባርኔጣዬን ወሰደብኝ። አንድ ጊዜ አሸዋው ጣለኝ። ስነሣ «ማን ነው አሸዋውን እዚህ ያደረገው?» አልኩ። ጉቱ ሲስቅ የሱም ብስክሌት ወደቀ።

እኩለ ቀን ላይ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ጉቱ የውስጡን ጎማ፣ ካላማዳሪውን፣ አውጥቶ ፀሐይ ላይ እያገላበጠ ቀዳዳውን ፈለገ፣ አጣው። ለመንከሪያ የሚሆን ውኃ የለንም።

«አምጣ» አልኩት። ነፋሁትና ቀስ ብዬ በከንፈሬ አዞርኩት። ንፋሷ ከንፈሬን ነካችው። «እቺውልህ። እሾኋም ጎማው ውስጥ አለች፣ ጎማውን ስጠኝ።» እሾኋን በጣቴ አገኘኋት። ጎማ ለጥፈን ስናበቃ ጉቱ፣

«አባባ፣ ሱቁን ለምን ዘጋህ?» አለኝ። የዚህ አገር ሰው ለሽማግሌም አንተ ነው የሚለው፤ ከአፉ ሲወጣ ደግሞ አክብሮት ነው።

መልስ አጣሁ። እኔ! መልስ!

ከዚያ ሜዳው ተጀመረ። የሰው ድምፅ፣ የከብት ድምፅ ሰማሁ። «ገበያው ነው» አለ ጉቱ። «እንረፍ፣ ሻይ አለ።»

«እዚህ አልቆምም።»

«ደክሞሃል እኮ።»

«ንዳ!»

ነዳ። ልጆች እየጮኹ ተከተሉን። የሴቶች ሳቅም ነበር። እጄን ከመሪው አልለቀቅኩም።

ከዲሮ አዲሱ መንደር ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ቤቶቹ ሁሉ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል ይላሉ። ከሩቅ ጮኸ፦

«ያ ወልዴ! ዛሬስ የማንን ብስክሌት ሰርቀህ ነው?»

«ያቺኑ! አንድ ጊዜ ነው የሰረቅኳት፣ እስከ ዛሬ እየነዳኋት ነው!»

አቀፈኝ። ከስቷል። እኔ ግን ከእሱ በላይ ነው የሸበትኩት አለ። እጄን ያዘ፣ ከዚያ አልለቀቀም። ወንድ ለወንድ እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድ እዚህ አገር ያለ ነው።

ሚያዝያ 3

ግራሩ የለም።

ጠዋት ከዲሮ እጄን ይዞ ወሰደኝ። አሮጌው ግቢ ደረስን ሲለኝ ጥላው እስኪነካኝ ጠበቅኩ። ፀሐይዋ ግን ፊቴን ትመታኛለች።

«ግራሩ የታል?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት ለቤት ማገር ቆረጡት። ጉቶው ይኸው ከእግርህ ሥር ነው።»

«ድንጋዮቹስ?»

«ለመሠረት ወሰዱት። እኔ ሕመምተኛ ነበርኩ፣ ጉቱም ለርጭት ርቆ ነበር፤ አልሰማንም ወልዴ። ብሰማ...»

ከዚያ ያላሰብኩት መጣ። ግራሩ ሥር ሦስት መቃብር ነው ያለው፤ የከዲሮ አያት፣ ትንሽ እህቱ፣ ወንድሜ። አባቱ ባንዳ እንዳይለየው ብለው ሦስቱንም አንድ አድርገው ነው ያበጁት፤ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ዓይነት ድንጋይ። አሁን ድንጋይም ዛፍም የለም፤ ሜዳ ነው። ከዲሮ «የወንድምህ መሐሉ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ወይም ዳሩ» አለ።

ሚስቱ ሰኪና ከኋላችን ቆማ ነበር። ቀስ ብላ፣ «ኦቦ ወልዴ፣ የእናንተን ስትፈልጉ የእኛን እንዳታነሡ። በእኛ ሥርዓት የተቀበረ ሰው አይነካም» አለች። ልክ ናት። ወንድሜን አርባ ስምንት ዓመት ካስተኙልኝ ሰዎች አያታቸውን ልቀሰቅስ?

ጉቱ «ነገ ጠዋት ትራክተሩ ይገባል» አለ።

«ሁላችሁም ወደ ኋላ በሉ» አልኩ።

ተንበረከክሁ። ጉቶውን በሁለት እጄ ዳሰስኩት። ያን ቀን ጀርባዬን ለግንዱ ሰጥቼ፣ ፊቴን ለፀሐይ መውጫ አድርጌ ነበር የተቀመጥኩት። ጀርባዬን ለጉቶው ሰጠሁ። ፀሐይዋን በጉንጬ ፈለግኳት። ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። አፈሩ እንደ ጡብ ደርቋል፤ ጉቱ ቢላውን ሰጠኝ። ቆፈርኩ። የለም። ትንሽ ወዲህ። የለም። ከዲሮ «ምንድን ነው የምትፈልገው?» ይላል፤ አልመልስም። አንድ ክንድ፣ ሌላ ክንድ። ቀትር ሆነ። ሰኪና ውኃ አመጣችልኝ፤ በእጄ ላይ አፍስሺልኝ አልኳት፣ አፈሩ እንዲላላ። ጣቶቼ ደሙ። አንድ ነገር ለሰለሰኝ፤ ድንጋይ እንዲህ አይለሰልስም። ክብ ነው። አንገት አለው።

ጠርሙሷ።

አወጣኋት። አንገቷን በእጄ ውስጥ አንቄ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ኪኒኑ ውስጧ ይንኳኳል። ከዲሮ ከጎኔ ተንበረከከ። ለአርባ ስምንት ዓመት ያልነገርኩትን እዚያው ነገርኩት። ገበያውን፣ ማሩን፣ ልጃገረዶቹን።

ሁሉንም ሰማኝ። ከዚያ፣ «ወልዴ፣ መልእክቱን ስልክልህ ምላሱ ታስሮ ነበር» አለ። «ቀን ብትደርስ ምናልባት ነበር። ምናልባት አልነበረም። እኔ አላውቅም፣ አንተም አታውቅም።» ማባበል አያውቅም ይሄ ሰውዬ። ስለዚህ ነው ያመንኩት።

ጠርሙሷ ከነበረችበት ወዲህ ቆፈርን፤ የመጀመሪያውን አጥንት እኔ አነሣሁ። ከዚያ ሁለታችን። ጎኑን ይዞ፣ ፊቱን ወደ እነሱ ጸሎት አቅጣጫ አድርጎ ተኝቷል። የተሰበረችው የእግሩ አጥንት መገጣጠሚያዋ ያበጠ ነው፤ በጣቴ አወቅኳት። በተሻለች አቡጀዴ ጠቀለልነው። ሁለቱን ያልነካናቸውን ከዲሮ በእጁ አፈር መለሰባቸውና ጸለየላቸው።

ሳጥኑን ስንዘጋ እንዲህ አለ፦ «አርባ ስምንት ዓመት ጎረቤቴ ነበር፣ አንድ ቀን አልጮኸብኝም። አንተን ሁለት ቀን መቻል አቃተኝ።»

ሚያዝያ 4

በመንገድ። ዳገት። ጉቱ ጣሊያኗን ይገፋል፣ ሳጥኑ ላይዋ ነው። እኔና ከዲሮ በእግር፣ እጅ ለእጅ። ከዲሮ ልመለስ አይልም። ከታች የሞተር ድምፅ ተሰማ። ቆምን። ማናችንም ወደ ኋላ አልዞርንም።

ሚያዝያ 10፣ አሰላ

ይህን የምትጽፈው አፀደ ናት። ቃሉ የእኔ ነው። አፀደ፣ የራስሽን እንዳትጨምሪ።

(አልጨመርኩም አባባ።)

ያው ጨመርሽ።

ትናንት ወንድሜ ገብረ ማርያም ፍትሐቱ ደርሶለት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከእናታችን ጎን ገባ። ከዲሮ ከአጥሩ በር ላይ ቆሞ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ አልገባም፣ አልሄደምም። ፍሰሐም መጥቶ ነበር፤ ከዛፍ ኋላ ነው የቆመው አሉኝ፤ ጠርቼ አፈር አስያዝኩት። የጥገናው ሪፖርት ይቅረብልኝ አለ። ካቴናው ጠብቋል ብለህ ጻፍ አልኩት።

ጠርሙሷን አብሬ አልቀበርኳትም። ጠረጴዛዬ ላይ ናት።

እንግዲህ ይጻፍ፤ ዐይኔ አያይም። ብርሃንና ጥላ እለያለሁ እንጂ የሰው ፊት ካየሁ ቆየሁ። የዐይን ሞራ ነው አሉ። ተሻለች አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ትወስደኛለች፤ ይቆረጣል፣ ይነሣል ይላሉ። ይነሣል ወይም አይነሣም። እሄዳለሁ። በመኪና።

ይህን ስናገር ተሻለች ከበሩ ላይ ቆማ ነበር። «አባዬ፣ ስንት ጣት ነው?» አለችኝ።

«እጅሽን አላነሣሽም።»

«አነሣሁ።»

«ታዲያ ነይና አስነኪኝ።» መጥታ አስነካችኝ። አምስት ነው። ፊቴ ላይ አሳረፈችው።

ከዚያ አፀደን ደብተሩን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ አልኳት። ያለ እረፍት እያነበበች ሄዳ መጋቢት ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቋረጠች።

«አባባ፣ ጣሊያኗን በሙክት ፍየል ነው የገዛኋት አላሉም?»

«አንብቢ አንቺ!»

አነበበች። የገበያውንም። ሳትስቅ። ከዚያ የሚያዝያ ሦስቱ በሁለቱ ላይ ተደራርቦ መጻፉንና ያን ያህሉን እንኳ ያወጣችው በመከራ እንደሆነ ነገረችኝ።

«ሌላው ግን ተነቧል» አልኳት። «መስመሩ ስለወፈረ ነው። ደብተር ሲገዛ እንዲህ ዓይነቱን ነው መምረጥ።»

ወረቀቱን በጣቷ ስታሸው ይሰማኛል።

«እንዲህ ዓይነት ደብተር አይሸጥም አባባ። ከጥር ጀምሮ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ በማስመሪያና በጥቁር ቀለም ሳሰምር የከረምኩት እኔ ነኝ።»

ቀዩ ጨርቅም ትዝ አለኝ። ቃጭሉን ጉቱ ሳይጠይቅ ሁለት ቦታ ማሰሩም። የተሻለች ዝምታም። እኔ ሰውን ሁሉ ሳታልል የከረምኩ መስሎኝ ነበር፤ ሁሉም ናቸው ከፊቴ እየነዱ ሲያቃጭሉልኝ የከረሙት።

ገጹ ላይ እጄን አሳረፍኩ።

«አባባ» አለች አፀደ፣ «ያሰመርኩት ገጽ እዚህ ላይ አለቀ።»

«ታዲያ ቁጭ ብለሽ ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት። «አስምሪ!»